«እስክመለስ» ያልከው አደራ

ይድረስ፣ ኮምቦልቻ ከእህቴ ከሰንዱ ቤት ላለኸው ለአባቴ ለአቶ ገብረመስቀል።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን የኮምቦልቻ ሙቀት ፈታ አደረገው ወይስ እዚያም ዳገት አገኘህ? ወገብህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህልስ ይበላልሃል? ሰንዱ በርበሬ እንደማታበዛብህ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከባድ ነው። ጥርስህን አልጠይቅም፤ እዚህ ሳለህም የእሱ ነገር ሲነሳ አትወድም ነበር።

እኛ ደህና ነን። ያደታ ደህና ነው፣ ልጆቻችንም ደህና ናቸው። ደህና ነን ስልህ እንግዲህ በልተን እናድራለን፣ የተኛ በሽተኛ የለንም ማለቴ ነው። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። ሲመሽ በር ልዘጋ ስል እጄ መቀርቀሪያው ላይ ይቆማል፤ አባዬ አልገባም እኮ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ከዚያ ትዝ ይለኝና እዘጋለሁ። ቀስ እያለ ይለቀኛል ብዬ ነበር፣ አልለቀቀኝም። ትንሹ ዮሚፍም ገበያ ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከኋላ ባየ ቁጥር «አካኮ! አካኮ!» እያለ እጄን ይጎትተኛል። አያቱ እንዳልሆኑ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ድረስ እኔም አብሬው አያለሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ለፋሲካ ስደውልልህ «ኔትወርክ የለም፣ ድምፅሽ ጠፋ» ብለህ ለሰንዱ ሰጠሃት። ኔትወርኩማ ነበር አባዬ። ጆሮው እየከዳው ነው፣ እሱ ግን አያምንም ብላኛለች። አትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ዓይኑ ግን አሁንም ያለ መነጽር ዳዊት ይደግማል ስትለኝ ደስ አለኝ። ስለዚህ ይኸው በትልልቅ ፊደል እየጻፍኩልህ ነው። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ሕሩይ ነው፣ የኢሱዙ ሾፌሩ፤ ደሴ ጭነት አለኝ ብሎ ራሱ ነው በር ድረስ አደርሳለሁ ያለኝ። ደክሞት ይመጣልና ውሃ አጠጡት።

የምጽፍልህ ስለ አቶ አበጋዝ ገንዘብ ነው።

በጥቅምት ስትሄድ የሠራሃቸውን ጋቢዎች ሁሉ ነቀምት ወስደህ፣ ሸጠው ሊከፍሉህ ለጓደኛህ ለጨርቅ ነጋዴው ለአቶ አበጋዝ አስረከብካቸው። በማግስቱ አኖ ላይ አውቶቡስ ስትሳፈር መቼ ትመለሳለህ ብዬ ጠየቅኩህ። አንተ ግን እግርህን ደረጃው ላይ አድርገህ «በዚያ ገንዘብ ጣሪያውን ከክረምት በፊት አስለውጪው» አልከኝና ገባህ። ከዚያ ወዲህ ሰንዱም በደወለች ቁጥር «ገንዘቡን ተቀበልሽ ወይ እያለ ይጠይቃል» ትለኛለች። እኔም ያባቴን ትእዛዝ ልፈጽም ብዬ ተነሳሁ። ጣሪያው እንደምታውቀው ያንተው ክፍል ላይ ነው የባሰው፤ ልክ ከሸማው ዕቃ በላይ ቀዳዳው ሰማይ ያሳያል። ጀምረህ የተውከው ጋቢ አሁንም ዕቃው ላይ ነው። ድሩን አልነካሁትም። ፕላስቲክ አልብሼ፣ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ሳፋ እያስቀመጥኩ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ ነቀምት የሄድኩት ከጥምቀት በኋላ ነው። አቶ አበጋዝ ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፣ ስለ ጉልበትህ ጠየቁኝ፣ ምሳ አዘዙልኝ። ገንዘቡ ላይ ስደርስ ሳቅ አሉና «ቦሩ ኮቱ» አሉኝ። ነገ ነይ ማለት ለእሳቸው ቀላል ነው፤ ከሱቃቸው ማዶ የምኖር ይመስላቸዋል። ከአኖ ተነስቶ ነቀምት መመላለስ ምን እንደሚያስወጣ አንተ ታውቃለህ። በሌላ ጊዜ ስሄድ ለለቅሶ ሀገራቸው ሄደዋል ተብሎ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ሲመለሱ ሄድኩ፤ እንደገና ምሳ፣ እንደገና ጉልበትህ፣ እንደገና ቦሩ ኮቱ። ሲሬ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሁልጊዜ ወርደህ እግርህን የምታፍታታባትን ግንብ እያየሁ፣ ይሄ ሰውዬ አባቴ ሩቅ ነው ብሎ ነው የሚጫወትብኝ እያልኩ ስብሰለሰል እገባ ነበር።

በመጨረሻ ደሜ የፈላው በጋቢው ምክንያት ነው። ሱቁ ውስጥ ከላይ ተሰቅሎ አየሁት። ያንተ ነው፤ ጥለቱ ዳር ላይ የምታስገባትን አረንጓዴ ክር የትም ባያት አውቃታለሁ። ከዲጋ የመጣች ሴት ዋጋውን ጠየቀች። አቶ አበጋዝ የጠሩት ዋጋ በሬ የሚገዛ ነው። ሴትዮዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላ እየሳቀች ወጣች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሳቁ። ሊሸጡ እንዳልፈለጉ ሞኝም ያውቃል። ያኔ አፌ አመለጠኝና በጓደኛህ ላይ፣ ባባቴ እኩያ ላይ፣ «አንተ» አልኩ። «የአባቴን ላብ ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው?» አልኩ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ጨርቅ ማገላበጥ አቆሙ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «አባትሽ ሲመጣ እንተሳሰባለን» ብቻ አሉኝ። አንተ ሀገርህ ገብተህ መቅረትህን እያወቁ እንዲህ ማለታቸው የለየለት ክህደት መሰለኝ። እያለቀስኩ ነው አኖ የገባሁት።

አዴ ድርቤ ናት ነገሩን የያዘችው። ታውቃታለህ፣ ጥጥ እየፈተለችልህ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ያንተ ገንዘብ ሲበላ ዝም አትልም። «ለብቻሽ መጮህ ምን ያደርግልሻል፣ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ» አለችኝና ኦቦ ፈየራን ለመነችልኝ። አሁን አርጅተዋል፣ ግን ሰው ያስታረቁበት አፍ አልደከመም። ያደታ ሥራ ስለነበረው እኔ፣ እሳቸውና አዴ ድርቤ ሆነን ሄድን።

አቶ አበጋዝ ሱቁን ገርበብ አድርገው ከጨርቁ ቁልል ኋላ አስቀመጡን። የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። ኦቦ ፈየራ ሀገር ሰላም ነው ወይ፣ ከብት ደህና ነው ወይ ብለው በደንብ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ይህች ልጅ የአባቷን ገንዘብ ከለከሉኝ ትላለች፣ እውነት ነው ወይ አሉ። አቶ አበጋዝ ተነሱ። ከጀርባቸው ካለው ሳጥን የታሰረ ፌስታል አውጥተው ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። ጋቢዎቹን ከአንዷ በቀር ሸጫለሁ፣ ገንዘቡ ይኸው፣ አልበላሁም፣ አልነገድኩበትም አሉ። እኔ ደነገጥኩ። አዴ ድርቤ ደግሞ ፌስታሉን አንስታ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች።

እሳቸው እጃቸውን ጫኑበት። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። «ገብሬ ጋቢዎቹን ሲሰጠኝ ሽጠህ ለልጄ ስጣት አላለኝም። እጄን ይዞ እስክመለስ አደራ ነው ያለኝ። አደራ ደግሞ ለሰጠው እጅ ነው የሚመለሰው» አሉ።

አዴ ድርቤ ሳቀችባቸው። የእነ ገብሬ ሀገር ሰው እኮ ሲወጣ ሲገባ አደራ ይላል፣ ላሟን አደራ፣ በሩን አደራ፣ ጨው እንዳትረሺ አደራ፤ ደህና ዋሉ እንደማለት ነው አለች። እውነቷን ነው፣ አንተም እንደዚያ ነህ። አቶ አበጋዝ ግን ፍንክች አላሉም። እሷ እንደዚያ ትስማው፣ እኔ ካሳደጉኝ ሰዎች የሰማሁት አደራ ሌላ ነው አሉ። ባለቤቱ ራሱ አንድ ነገር ካላለ በሰው አፍ አልከፍተውም አሉ።

ኦቦ ፈየራ እንግዲያው ራሱን እንጠይቀው ብለው ተደወለልህ። ትዝ ይልህ እንደሆነ አላውቅም። ሰንዱ ገበያ ሄዳ ስለነበር ልጇ ሃሌሉያ ናት ስልኩን ያመጣችልህ። አቶ አበጋዝ «ገብሬ፣ ትመለሳለህ ወይ?» ብለው መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪዞር ጮሁ። አንተ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘንድሮ በጊዜ ዘነበ አልክ። «ገንዘቡን ለልጅህ ልስጣት ወይ?» ብለው ከቀድሞው አብልጠው ጮሁ። አንተም «አዎ አዎ፣ ለማሽላው ጥሩ ነው» አልክ። አዴ ድርቤ «ይኸው አዎ አለ!» ብላ ብድግ አለች። አቶ አበጋዝ አዎ ያለው ለማሽላው ነው ብለው ተከራከሩ። ኦቦ ፈየራ ምራቃቸው እስኪያንቃቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ አባዬ፣ ከዚያ ደግሞ ድምፅህ ስልኩ ውስጥ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማን ነው?» እያለ ሲቀር ሆዴ ባባ። አጠገብህ ብሆን በጆሮህ ሥር ቀስ ብዬ እነግርህ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ኦቦ ፈየራ ፍርዳቸውን ሰጡ። አደራ የሰጠው ሰው የሚመለስ ከሆነ ገንዘቡ ይቆየው። የማይመለስ ከሆነ ግን ልጁ ወራሹ ናት፣ አሁኑኑ ትውሰድ። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከልጁ የቀረበ የለም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ኒ ዱፋ ሞ ሂን ዱፉ?» አሉኝ። ይመጣል ወይስ አይመጣም?

ገንዘቡ ፊት ለፊቴ ነው። ከእኔ የሚፈለገው ሂን ዱፉ ማለት ብቻ ነው። በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ ምላስ የሚያደናቅፍ ቃል አይደለም፤ ዮሚፍ እንኳ ይለዋል። ደግሞም አምኜበት የከረምኩት ነገር ነው። እማዬ ካረፈች በኋላ ወንድሞቼ ሳያልቁ ልያቸው ብለህ ስትነሳ፣ መወርወሪያህን በጨርቅ ጠቅልለህ ሻንጣህ ውስጥ ስትከት አይቼሃለሁ። ሸማኔ ለጥየቃ ሲሄድ መወርወሪያ አይዝም። ያኔ ነው አባቴ ሊቀር ነው ብዬ የቆረጥኩት። ለጎረቤትም ለሰንዱም ሀገሩ ገባ፣ በቃ እያልኩ ስናገር ነበር። ያን ቀን ግን አፌ ተሳሰረ። ወራሽ የምትለዋ ቃል ናት መሰለኝ። አባቴ በሕይወት ቁጭ ብሎ ስለ ማሽላ እያወራ፣ እኔ በአፌ ቀብሬው ፌስታል ይዤ ልሄድ?

አላውቅም አልኩ። እንዳየሁት ከሆነ ኦቦ ፈየራም ሌላ መልስ አልጠበቁም።

አቶ አበጋዝ ፌስታሉን መልሰው አሰሩና በአማርኛ «እኔም አላውቅም ልጄ፤ ለዚህ ነው የማልሰጥሽ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ዓመት ነግጃለሁ፣ ገዢ ሞልቷል፣ ሳይገዛ የሚቀመጥ ሰው ግን ገብሬ ብቻ ነበር አሉ። ይህ ገንዘብ ከእጄ ከወጣ ገብሬን እኔ ዘንድ የሚያስመጣው ነገር ምን አለ አሉ። የተሰቀለችውን ጋቢ ለምን እንደማይሸጧትም ነገሩኝ። ሰው ዋጋ ሲጠይቅ አንተ አጠገባቸው ሆነህ ጨምር፣ ጨምር ብለህ የምትጎነትላቸው እየመሰላቸው ነው አሉ የበሬ ዋጋ የሚጠሩት። «አንተ» ስላልኳቸው ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ አልፈቀዱም፤ በአባትሽ አፍ ነው የተናገርሽው ብለው ሳቁ።

ለጣሪያው ከራሴ ላበድርሽ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ያንተ ገንዘብ እያለ ዕዳ ቤት ማስገባት ደስ አላለኝም፣ ኩራቴም እንደምታውቀው ነው። ብቻ ለገብሬ ዕቃ ብለው ወፍራም ሸራ ሲሰጡኝ ተቀበልኩ። ያደታ ማታ ሲገባ ገንዘብ ልታመጪ ሄደሽ ሸራ ይዘሽ መጣሽ ብሎ ሳቀብኝ። የተባለውን ስነግረው ግን ሳቁን ተወው። መሰላል ጠይቆ አምጥቶ በዚያው በሚያካፋ ዝናብ ጣሪያው ላይ ወጣና ሸራውን በድንጋይ ጫነው። ለሰኔ ይበቃል፣ ለሐምሌ ግን አያስተማምንም ብሎኛል።

አሁን ከሆዴ ያልወጣልኝ ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እስክመለስ ያልከው ነው። እኔ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ መቼ ትመለሳለህ ብዬ ስለምንህ ያላልከኝን ቃል ለነጋዴ ተናገርከው? ሳስበው ያናድደኛል። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ደስ ይለኛል። አፍህን ያመለጠህ የወግ ነገር ይሆን ወይስ ለእኔ ቀን ቆርጠህ መዋሸት ፈርተህ ነው ለእሳቸው ያልከው? መወርወሪያህን ይዘህ ሄደሃል፣ ይህ አንድ ነገር ነው። ድሩን ግን ሳትቆርጥ ነው የተውከው። ልትቀር ያሰብክ ከሆነ ለምን አልቆረጥከውም? የምታድርበት ካልሆነስ የአኖ ጣሪያ ቢያፈስ ምን ገደደህ? እማዬም እኮ እዚሁ ናት አባዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ መቃብሯ ጋ ስሄድ አንተ የተከልከው ጽድ በልጦኝ አድጓል፤ ለእሷም ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። ናፈቅከኝ። ማሳመሪያ ቃል አጣሁለት፣ ናፈቅከኝ፣ በቃ።

ሰንዱ እኔ ልጠይቀውና ልንገርሽ ብላኝ ነበር፣ ከለከልኳት። መልስህን በሰው አፍ መስማት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የምትመጣ ከሆነ ለእኔ ጻፍልኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ ይሁን፣ ለከርሞ ይሁን፣ እጠብቃለሁ፣ ሳፋም ጨምሬ እደረድራለሁ። የማትመጣ ከሆነ ግን ለእኔ እንዳትጽፍ። ለአቶ አበጋዝ ጻፍላቸው። እሳቸው ፌስታሉን ይሰጡኛል፣ እኔም ምን ብለህ እንደጻፍክ ሳልጠይቅ ይገባኛል። ቆርቆሮውንም እገዛለሁ፣ እንዳዘዝከኝ አስለውጠዋለሁ፣ አልቀየምህም። የወለዱህ ያሉበት ሀገር ነው፣ ማን ይከለክልሃል። እስከዚያው ግን እወቀው፤ ያንን ገንዘብ ላስመልስ ነቀምት ስመላለስ ጫማ የጨረስኩት ሴት፣ አሁን ሰውየው እንዳይከፍሉኝ ስእለት ገብቻለሁ።

ለእህቴ ለሰንዱ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ስላስለፈለፍኳት እንዳትቀየመኝ። ለባሏ ለቂርቆስ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ወገብህን እንደሚያሽልህ ሰምቼ መርቄዋለሁ። ሃሌሉያን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ስልክ ስታቀብልህ በቀኝ ጆሮህ በኩል ታድርግልህ። ያደታ እጅ ነስቷል። ፌኔት ከክፍሏ በአማርኛ አንደኛ ወጥታለች፤ አያቴ ፊደል ስላስቆጠረኝ ነው ብላ ለመምህሯ መናገሯን እወቅላት። ዮሚፍ አንተን ሥሎ በዚህ ውስጥ ከትቶልሃል፤ ከሰው ይልቅ የጋቢ ክምር ይመስላል፣ ግን አረንጓዴዋን ክር አልረሳም። አዴ ድርቤ ማጉን ፈትላ ጨርሳ በእንቅብ አስቀምጣዋለች፣ ለሌላ ሸማኔ አልሰጥም ብላለች። ኦቦ ፈየራም ማሽላው እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀውሃል።

አቶ አበጋዝም ሰላም ብለውሃል። «ዕዳው ከብዶኛል፣ መጥቶ ይቀበለኝ በይው» ነው ያሉት።

የምትናፍቅህ ልጅህ
ፀዳለ ገብረመስቀል
አኖ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.